የእማን ፎቶ የት ላሳጥበው

ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች በአያልነህ ፎቶ ቤት መስታወት ፊት ቆመው ፎቶዋ እዚያ ስለተሰቀለው ሙሽራ ይከራከራሉ። አንደኛው «የጨው ነጋዴው ልጅ ናት፣ እምልልሃለሁ» ይላል። ሌላው «ተው ባክህ፣ የዚያችን ልጅ ፀጉር አንተ የት አየኸውና ነው?» ይላል። «ያው አሁን እያየሁት አይደለም እንዴ!» ብሎ የፊተኛው ሳቁን ይለቀዋል። ዘይነብ ከውስጥ፣ ባንኮኒው ጋ፣ ስልኳን ለአያልነህ ልታቀብል እጇን እንደዘረጋች ሰማቻቸው። እጇን ሰብስባ ወደ ደጅ ወጣችና ቀና ብላ አየች። እውነትም የጨው ነጋዴው ልጅ ናት። የሂናዋ ምሽት ላይ የተነሳችው ነው፤ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ተለቆ፣ ሂናው እስከ ክርኗ ወጥቶ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። በአንድ ጎኗ ጋውን የለበሰ ተመራቂ፣ በሌላ ጎኗ ሳፋ ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ተሰቅለዋል። ያን ምሽት ዘይነብም እዚያው ነበረች። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ከግቢው ወጥቶ፣ ካሜራውን እንኳ የያዘችው የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ነበረች። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ሲደረግ፣ ነገ ማተሚያው ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ያሰበ አልነበረም። ይኸው አሁን የጎንደሩም የደብረ ታቦሩም መኪና ወረታ መገንጠያው ላይ ቀዝቀዝ እያለ አይቷት ያልፋል።

«አያልነህ፣ ይቺን ልጅ ማን ስቀላት አለህ?»

«ለናሙና ነው እንጂ ለክፉ ነው? እንዲህ አምሮ የወጣልኝ ፎቶ የለም።» የተናገረው ከልቡ ነው፤ ልጅቱን ያከበራት መስሎታል።

«አውርዳት።»

«እሽ፣ ነገ...»

«አሁን አውርዳት። ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

አያልነህ እያጉረመረመ በርጩማ አምጥቶ ወጣ። ሾፌሮቹ «ኧረ ምን አደረገችሽ!» እያሉ ተንጫጩ፤ ዘይነብ ዞር ብላም አላየቻቸው። አያልነህ ፎቶውን አውርዶ ባንኮኒው ላይ በፊቱ ደፋውና፣ አቧራውን ከእጁ አራግፎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ያንችስ? የቱን ነው የማጥብልሽ?» ብሎ እጁን ዘረጋ። ዘይነብ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋች። «ሌላ ቀን» አለችው።

በስልኩ ውስጥ ያለችው እናቷ ናት። ሰአዳ ትባል ነበር፤ ባለፈው ክረምት፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ ብዙም ሳትታመም ሞተች። ዕድሜዋን ሙሉ ካሜራ ፊት የቆመችው ለቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው። እዚያም ላይ ሊቀጧት የጠሯት ይመስል ዓይኗን አፍጥጣ፣ ከንፈሯን ገጥማ ተቀምጣለች። ሌላው ይህ ነው፤ የዘይነብ ታናሽ የሂክማ ሂና ለት፣ ዘይነብ ራሷ በስልኳ ያነሳችው። ሻሿ ወደ ኋላ ወድቆ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ስትስቅ ነው። ዘይነብ ከእናቷ ሞት ወዲህ ይህን ፎቶ ለማንም አላሳየችም። የአባቷን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የያዘችው እሷ ናት፤ ገበያው ጭር ሲልላት ከጣቃዎቹ ጀርባ ገብታ ብቻዋን አውጥታ ታየዋለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ትወጣለች።

ትናንት ከዒሻ ሶላት በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። አባቷ ሐጂ መሐመድዘይን ከቀብሩ ወዲህ ስለ ሚስታቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልጆቹም አይጠይቋቸውም፤ እሳቸውም አይናገሩም፤ እንዲሁ በአንድ ማዕድ ይበላል፣ እጅ ይታጠባል፣ ይተኛል። ትናንት ግን እጃቸውን አድርቀው ሲያበቁ «የእናታችሁ ፎቶ የለም እንዴ?» አሉ። ዘይነብ መታወቂያውን አምጥታ ሰጠቻቸው። አስጠግተው፣ ወደ መብራቱ አዙረው፣ ብዙ ቆይተው አዩትና «ይቺማ ሰአዳ አይደለችም። የተቆጧት ሴት ናት» ብለው መለሱላት። የቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የግራውም ከወር ወር እየደከመ ነው፣ ሐኪሙም ቁርጡን ነግሯቸዋል። ስልክ ቢያሳዩአቸው መስታወቱ እያብለጨለጨ ብርሃን እንጂ ሰው አይታያቸውም። ስለዚህ ወረቀት ላይ፣ በትልቁ፣ ሳይመሽባቸው መሆን አለበት። ዘይነብ የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ አባቷ እናቷን ይዩአት፣ በመካከል ግን ባዕድ ወንድ አይያት። ከቤት ስትወጣ ቀላል ነገር መስሏት ነበር።

ከአያልነህ ፎቶ ቤት እንደወጣች በሽንኩርት ሻጮቹ ጥላ ሥር ቆማ ባሕር ዳር ለሚኖረው ወንድሟ ለሙጃሂድ ደወለች። «ላኪልኝ» አለ ወዲያው። «አሳትሜ በሚኒባስ እልክልሻለሁ፣ ለዐሥር ሰዓት ይደርስሻል።» ማን ነው የሚያትመው ብትለው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የማተሚያ ቤቱ ልጅ ነዋ» አለ። «ወንድ ነው» ስትለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘይነብ፣ እማ እኮ ሞታለች» አላት። ለመናገር አስቦበት አልነበረም፤ አፉ አመለጠው። ዘይነብ፣ ታዲያ ስለሞተች የማንም ዓይን ይረፍባት ወይ ልትለው ነበር፤ ተወችው። «እሽ፣ ደህና ዋል» ብላ ዘጋችው። ሂክማ ደግሞ ሲደወልላት ሕፃኗን እያባበለች «ምን ያስጨንቅሻል፣ ሻሽ በኮምፒውተር ያልብሱላት» አለችና መፍትሔውን ሰጥታ ጨረሰች።

በዚህ ምክር መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ ደስታው ፎቶ ቤት ሄደች። ጠባብ ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል ፎቶ ኮፒ፣ በሌላ በኩል የስልክ መሸፈኛ ይሸጥባታል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ለጉርድ ፎቶ የሚቀመጡባት ሰማያዊ መጋረጃ አለች። ደስታው ጥያቄዋን ሲሰማ ደስ ብሎት ሥራውን ሊያሳያት ስክሪኑን አዞረላት። ከሩዝ አጨዳ በቀጥታ የመጡ አንድ ገበሬ ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጥፍቶ ጥቁር ኮትና ቀይ ከረባት አልብሷቸዋል። ከአንገት በላይ አቧራው አልለቀቀም፣ ከአንገት በታች ሚኒስትር ሆነዋል። «ሻሽማ ምን አላት! ቀለሙን ብቻ ምረጭ» አለና አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን፣ አበባ ያለውን ደረደረላት። ዘይነብ ጣቷ ወደ አረንጓዴው ሄደ፤ እናቷ አረንጓዴ ትወድ ነበር። ወዲያው ግን ነገሩ ገባት።

«ለማልበስ መጀመሪያ ሳትለብስ ታያታለህ ማለት ነው።»

«ታዲያ ሳላያት በምን ላልብሳት?» አለ ደስታው ግራ ገብቶት።

እሱም ሳቀ፤ እሷም ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ልትወጣ ስትል የልጇን የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ የምትጠብቅ አንዲት ሴት እጇን ያዝ አደረገቻትና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ሐሙሲት ሂጂ። ሙናዬ የምትባል ሴት አለች፣ ባሏ በሥራ ተዛውሮ ከአዲስ አበባ የመጣች። እቤቷ ነው የምታትመው። የእኔን የአራስ ቤት ፎቶ ማን አየው? እሷ ብቻ።»

ወደ ሐሙሲት የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ትንሽ አስቆያት እንጂ መንገዱ ፈጥኖ ነው ያለቀው። ወረታ ተወልዳ ያደገች ሰው ሜዳውን ዘወትር ስለምታየው አታየውም፤ የዚያን ቀን ግን ዓይኗ መስኮቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። አጨዳው ደርሷል። ሜዳው እስከ ሐይቁ አፋፍ ድረስ ወርቅማ ሆኖ ተዘርግቷል፤ የታጨደው ተከምሯል፣ ያልታጨደው አንገቱን ደፍቷል፣ ከብቶቹ በቃርሚያው መሐል ተበትነዋል። እናቷ የሞተች ሰሞን ይህ ሁሉ ውኃ ነበር። ለቀስተኛው ከጉማራ ወንዝ ወዲያ መምጣት አቅቶት በስልክ ነው ያለቀሰው። ያ ውኃ የት ገብቶ ይህ ሩዝ ከየት ወጣ እያለች፣ በአላህ ሥራ እየተገረመች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ እቅፍ አድርጋ ሄደች። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ገንዘብ የያዘች መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ፣ ሌባ የለም» አሏት።

የሙናዬን ቤት ለማግኘት አላስቸገራትም። የከፈተላት ግን እጁ ላይ ቀለም የነካው ወጣት ነው። ወንዴ እባላለሁ፣ ወንድሟ ነኝ አለ። ሙናዬ ቀለም ልትገዛ ጧት ባሕር ዳር ሄዳለች፤ የምትመለሰው ነገ ነው። ዘይነብ የበሩን ደፍ እንደረገጠች ቀረች። ወንዴ የመጣችበትን መንገድ ከፊቷ ላይ ያነበበው ይመስላል፤ «ግቢ፣ እኔም እችላለሁ፣ አብረን ነው የምንሠራ» አላት። እሷ «አይ፣ እሷን ነበር የፈለግኋት» አለች። ችሎታውን የተጠራጠረችው መስሎት የልደት ፎቶ፣ የክርስትና ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ አምጥቶ ዘረጋላት። ሥራው የሚያምር ነው፤ ያ ነው ይበልጥ ያስጨነቃት። በመጨረሻ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «የእናቴ ነው። ሞታለች። ሻሽ አላሰረችም፤ የሴቶች ቤት ነበር» አለችው።

ወንዴ ፎቶዎቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። አገጩን ቀለም ባለበት እጁ አሻሸ። «እንግዲያ ራስሽ አትሚያታ» አለ።

ማተሚያው ሳሎኑ ጥግ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ወንዴ ዳንቴሉን ገልጦ፣ የሚያብረቀርቀውን ትልቅ ወረቀት አንዱን አጉርሶ፣ ሌላ ጥቂት ደግሞ አጠገቡ አስቀመጠላት። ከስልኳ ጋር ሲያገናኘው የጨርቅ ፎቶ ብቻ እንድታሳየው ነገራት፤ ለደንበኛ ለመላክ ያነሳችውን የመጋረጃ ጣቃ ከፈተችለት፣ በእሱ አሳያት። «ፎቶውን ትነኪያለሽ፣ ይህን ትጫኛለሽ፣ አለቀ። የቸገረሽ ነገር ካለ ጥሪኝ፣ ከውጭ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ወጥቶ በሩን ሳበው። ዘይነብ ወደ በሩ ሄዳ መወርወሪያውን ቀረቀረች። በስንጥቁ ብታይ ግቢው ውስጥ ካለው ፓፓያ ሥር ቆሟል፤ በሩ ተዘግቶም፣ ተቀርቅሮም፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ አጥሩን እያየ ነው። ጎረቤቱ ከወዲያ «ወንዴ፣ ምን ሆነህ ነው አጥር የምትጠብቅ?» ሲለው ሳይዞር «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰ። የማያውቃት ሰው፣ የማያውቃትን እናቷን፣ ማንም በማያይበት እንዲህ ያከብራል ብላ አላሰበችም ነበር።

ተጫነችው። ማተሚያው ጥቂት አቃሰተና ወረቀቱን እየሳበ መትፋት ጀመረ። መጀመሪያ የወጣው የቤታቸው ግድግዳ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም፣ ቀለሙ ላይ ያለው ምስማር። ከዚያ ፀጉሯ መጣ። ስልኩ ላይ ጥቁር ነገር ብቻ የነበረው፣ እዚህ አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆኖ ወጣ። ከሥሩ ነጭ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር፣ ጫፉ የሂና ቀይ። ዕድሜዋን ሙሉ ሻሽ ያሰረችበት ሰንበር ግንባሯ ዳር ላይ ይታያል። ዘይነብ አፏን በመዳፏ ያዘች። ፀጉሯን ከበር እስከ በር፣ ከከተማ ከተማ ስትሸሽገው ውላ፣ አሁን ከሁሉ በፊት የመጣው እሱ ነው። ቀጥሎ ግንባሯ፣ ቀጥሎ ቅንድቧ፣ ከሳቅ ብዛት የጠበቡት ዓይኖቿ መጡ። እዚህ ላይ ማተሚያው ቀጥ አለ። መብራት ጠፋ።

«መብራት ሄደ!» አለ ወንዴ ከውጭ።

«ግማሿ ውስጥ ቀርታለች! ልሳበው?»

«እንዳትነኪው! ይቀደድብሻል። ይመጣል፣ አይዞሽ፣ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። በመስኮቱ መጋረጃ በኩል በሚገባው ብርሃን እናቷ እስከ ዓይኗ ወጥታ ታያታለች። እንደሞተች ሰው ሳይሆን፣ በበር ስንጥቅ እንግዳው ማን እንደሆነ እንደምታይ ሴት። ዘይነብ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ «እማ» አለቻት። ወንዴ ገብቶ ቢረዳት በአንድ አፍታ የሚጨርሰው ነገር ነው። አልገባም። «ልግባ?» ብሎም አልጠየቃት። ፀሐዩ ከፓፓያው ጥላ ውስጥ አስወጥቶት እንኳ እዚያው ቆመ። በስንጥቁ ስታየው እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አጥሩን እንደተመለከተ ነው።

መብራቱ ሲመጣ ማተሚያው ነቃና ግማሿን ሴትዮ እንዳለች ተፋት። ወንዴ ከውጭ ሆኖ እየነገራት ሁለተኛውን ወረቀት ራሷ አጎረሰች፣ እንደገና ተጫነች። በዚህኛው ዙር እስከ መጨረሻው ወረደ። አፍንጫዋ ወጣ፣ ጉንጮቿ ወጡ፣ ከዚያ ሳቁ። ሙሉ ሳቅ፣ በግራ በኩል የጎደለው ጥርሷ ሳይቀር። ከዚያ አንገቷ፣ ጉልበቷ ላይ የጣለችው እጅ፣ እጇ ላይ ገና ያልደረቀ ሂና። ዘይነብ ወረቀቱን በጠርዙ ይዛ ብርሃን ላይ ቀና አደረገችው። «ማሻአላህ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልመጣላትም። ወረቀቱ እርጥብ እንዳይሆን አንገቷን መለስ አድርጋ አለቀሰች። ሙሉውንም ግማሹንም በካርቶን መሐል አድርጋ፣ በመቀነቷ አስራ፣ በሩን ከፈተች። ወንዴ «ማተሚያው ምንም አያስቀርም፣ ስልክሽ ላይ ብቻ ነው ያለች» አላት። ዋጋውን ስትጠይቀው የአንዱን ብቻ ተቀበለ፤ ግማሹ በመብራቱ ጥፋት ነው አለ። ምን ብላ እንደምታመሰግነው ጨነቃትና «አላህ ይስጥህ» አለች። «አሜን» አለ፣ ያኔም ካርቶኑን አላየም።

ወረታ ስትደርስ ዐሥር ሰዓት አልፏል። አባቷ የዐስር ሶላታቸውን ሰግደው መስኮቱ ሥር ካለው ፍራሽ ላይ ተደግፈዋል። ዘይነብ አጠገባቸው ተንበርክካ ካርቶኑን ፈታች፣ ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀመጠች። እሳቸውም መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ፣ አወለቁት፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው በግራ ዓይናቸው እስኪነካ አስጠጉት። ከላይ ጀመሩ። ከፀጉሯ፣ ከግንባሯ፣ እያሉ እያሉ ወረዱ። አፏ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ አልነቃነቅ አሉ። ከውጭ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ይህ መቼ ነው?»

«የሂክማ ሂና ለት ነው፣ አባ። ፀጉሯን ማንም አላየውም። እኔው ራሴ ነኝ ያተምኩት።»

«ፀጉሯንማ አውቀዋለሁ» አሉ። ጣታቸውን ሳቁ ላይ አደረጉ። «ይህን ነው የማላውቀው። እኔ ፊት የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ነበር የምትስቅ። ስንት ዘመን ስንኖር፣ ዘይነብ፣ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።»

ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ አንድ ትልቅ ነገር ያሳዩት ሰው መገረም ነው ያለው። ዘይነብ ግን አፈረች። ቀኑን ሙሉ እናቷን ከባዕድ ዓይን ስትጠብቅ፣ በዚያው ወረቀት ላይ አባቷ ያላዩት ነገር ይኖራል ብላ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም።

«ምን አስቋት ነው?»

ይህን እንዳይጠይቁ በሆዷ ትለምን ነበር። የሱቅ ጎረቤታቸው ቅመም ሻጯ አገኘሁሽ ናት ያሳቀቻት፤ የሰውን ነገረ ሥራ አስመስላ መሥራት የምትችል፣ ለሂናውም ተጠርታ የመጣች። «በእርስዎ ነው» አለች ዘይነብ በጭንቅ።

«በእኔ?»

«አገኘሁሽ ናት። እርስዎን እየሆነች... ሱቅ ውስጥ ሲሸጡ።»

ሐጂ መሐመድዘይን ፎቶውን ከዓይናቸው ሳያርቁ ጥቂት አሰቡ። ዘይነብ ቁጣቸውን ጠበቀች። «እንዴት አድርጋ?» አሉ።

«አባ፣ ይተዉት።»

«አሳይኝ እንጂ!»

ዘይነብ ተነሳች። በአባቷ ፊት እንዲህ ያለ ነገር በሕልሟም አስባው አታውቅም። ፎጣውን ከምስማሩ አውርዳ እንደ እሳቸው ጥምጣም ራሷ ላይ ጠመጠመች፤ ጋቢያቸውን አንስታ እንደ ጨርቅ ለካችው። የማትታይ ገበያተኛ ዋጋ ጠራችባት መሰለ፣ ልቧ እንደተሰበረ ሁሉ ጨርቁን ዝም ብላ ማጠፍ ጀመረች። ከዚያ የማይታይ መነጽሯን አወለቀች፣ ሃ ብላ ተነፈሰችበት፣ በዚያው በሚሸጠው ጨርቅ ጫፍ ወለወለችው፣ መልሳ አደረገችውና በወፍራም ድምፅ፣ የዓለም ዕዳ ሁሉ እንዳለበት ሰው እየተከዘች፣ «ለአንች ስል ነው እንጂ...» አለች።

ቀና ስትል አባቷ እሷን እያዩ አይደለም። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ያን አፍ፣ ያን የጎደለ ጥርስ፣ ያን የፈሰሰ ፀጉር እያዩ ናቸው። የዘይነብን ድምፅ በጆሮአቸው እየሰሙ ሰአዳ ስትስቅ በዓይናቸው ይመለከታሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከሆዳቸው የተነሳው ሳቅ ደረታቸው ላይ ደርሶ ወጣ፣ እንባቸውም አብሮ ወጣ፣ አልጠረጉትም።

«ድገሚው» አሉ።